የሚስት ዋጋ

ወንድሜ ሎዌል ሽሮክ በዚህ ዓለም የሚፈራው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሚስቱን ኮሬታንና ግብር ሰብሳቢውን። ሁለቱ አንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁኛል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። ቢያስብ ኖሮ ገና ድሮ ሃርሞኒካ ይማር ነበር። ሃርሞኒካ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ዋጋውም ለማንም ቢነገር አያጣላም።

ሎዌል እዚሁ ኤልካርት ከተማ ውስጥ ተጎታች ቤት በሚሠራ ፋብሪካ ሃያ ሰባት ዓመት መስኮት ገጥሟል። ዓርብ ዓርብ ከሥራ በኋላ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር በቀድሞ ወታደሮች አዳራሽ ጊታር ይጫወታል። ደህና አድርጎ የሚያውቀው አራት ዘፈን ነው፤ ሰው የሚያጨበጭበው ለሁለቱ ነው። ለእነዚህ አራት ዘፈኖች በእኔ ቆጠራ ከስልሳ በላይ ጊታር ገዝቷል፤ ማጉያዎቹንና በእግር የሚረገጡትን የድምፅ መቀየሪያ ሳጥኖች ሳልጨምር። በእኔ ቆጠራ የምለው ሁሉም የገቡት በእኔ ቤት በኩል ስለሆነ ነው።

ይህን እሱ አልፈጠረውም። ጊታር የሚገዙ ባለትዳሮች ሁሉ የሚያውቁት ሥርዓት ነው። አንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው፤ አንዱ የተከፈለበት፣ ሌላው የሚስት ዋጋ። የሚስት ዋጋ የሚገኘው ከእውነተኛው ዋጋ ላይ አንድ ዜሮ በመቀነስ ነው። ዕቃውም በቀጥታ ወደ ቤት አይሄድም። እናት፣ እህት ወይም ያላገባ ጓደኛ ዘንድ ያርፍና ከሳምንት በኋላ ባልየው "አንድ ሰው ጋራዡን ሲያጸዳ አገኘሁት" እያለ አዝሎት ይገባል። እኔ እህት ነኝ። ባል የለኝም፣ ጋራዥ ግን አለኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ እየፈረምኩ ተቀበልኩ።

"እትዬ፣ መጣ?" ይለኛል በበሩ ስንጥቅ።

"መጥቷል። ከበፊቱ ይከብዳል።"

"ዋጋውን አላየሽውም አይደል?"

"ወረቀቱ እላዩ ላይ ተለጥፎ ምን ላድርግ፣ ዓይኔን ልጨፍን? ዘጠኝ መቶ አርባ ይላል።"

"ዘጠና በይው።"

"ለማን?"

"ለራስሽ። አፍሽ ይልመደው።"

ከዚያ ወረቀቱን ይገነጥልና "በርሜሉ ውስጥ አቃጥይልኝ" ብሎኝ ይሄዳል። አላቃጠልኩትም። ትምህርት ያቋረጥኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አባታችን ሲታመም እዚያ ፋብሪካ መስኮት መግጠም የጀመርኩት ከሎዌል በፊት እኔ ነኝ። አንድ ገጹ ነጭ የሆነ ወረቀት እሳት ውስጥ መጨመር በእኛ ቤት አልተለመደም። ጀርባው ላይ ከሱቅ የምገዛውን እጽፍበታለሁ፤ ስመለስ ዳቦ በመጣበት ከረጢት ውስጥ እከተዋለሁ። ለምን እንደማስቀምጠው ራሴን ጠይቄ አላውቅም። እስከዚያ ድረስ የጠየቀኝ ሰውም አልነበረም።

ኮሬታን ሞኝ ናት ብላችሁ እንዳታስቡ። በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ አራት መቶ ልጅ ምን ያህል መኮሮኒ እንደሚበላ በዓይኗ ትለካለች። ሎዌልን ያመነችው ውሸቱ ግማሽ ብቻ ስለሆነ ነው። የሰለቸውን ጊታር በድረ ገጽ ይሸጣል፤ የተሸጠበት ዋጋ እውነት ነው፣ ገንዘቡም የሁለቱ በሆነው ሂሳብ ውስጥ ይገባል፤ በዓይኗ ታየዋለች። የተገዛበትን ግን እሱ ነው የሚነግራት። የሚገዛው ደግሞ በትርፍ ሰዓት ክፍያው ነው፤ እሷ ፋብሪካው ትርፍ ሰዓት ካስቀረ ስምንት ዓመት ሆኖታል ብላ ነው የምታውቀው። ሱፍ አበባ የተሣለበት አንድ ደብተር ነበራት። በግራ በኩል "ሰማንያ"፣ በቀኝ በኩል "ስድስት መቶ አሥር" ብላ ትጽፋለች። ገጽ በገጽ እንዲህ ነው። ያንን ደብተር ያነበበ ሰው ወንድሜን የንግድ ሊቅ ብሎ ቢጠራው አይፈረድበትም። ኮሬታም ፈርዳ አታውቅም፤ በቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ "የኔ ባል እጁ የነካው ይባረካል" ስትል ሎዌል የድንች ሰላጣውን አቀርቅሮ ይበላል።

ነገሩን ያፈረጠው ሕጉ ነው። ያገለገለ ዕቃ በድረ ገጽ ላይ ሲሸጥ፣ የሽያጩ መጠን ከተወሰነ በላይ ከሆነ፣ ገበያው ራሱ "ለእገሌ ይህን ያህል ገንዘብ ተከፍሎታል" ብሎ ለግብር ሰብሳቢው ይጽፋል፤ ለሻጩም አንድ ቅጂ ይልካል። መጠኑ ድሮ ሃያ ሺህ ዶላር ነበር። ከዚያ ስድስት መቶ ይሆናል ተባለ። ከዚያ ለዘንድሮ ይቆይ ተባለ፤ ለከርሞም እንደገና ይቆይ ተባለ። ሎዌል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስብከት እንኳ ያንን ያህል አዳምጦ አያውቅም። በፋብሪካው የምሳ ጠረጴዛ ዙሪያ ደግሞ ሁሉም ሕግ ዐዋቂ ነበር። አንዱ "የጋራዥ ሽያጭ ላይ ግብር ሊጥሉ ነው" ይላል፤ ሌላው "በአማትህ ስም ሂሳብ ክፈት" ይላል፤ ሦስተኛው አማቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ አሁንም የዓሣ ማጥመጃ ትሸጣለች። ወረቀት መላክና ግብር መክፈል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚናገር አንድ ሰው አልተገኘም። ቢገኝም አይሰሙትም ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ሎዌል ፊቱ ገርጥቶ መጣ።

"እትዬ፣ ከጥር ጀምሮ ስድስት መቶ ነው። አለቀ። አሁኑኑ ሸጬ መገላገል አለብኝ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ከጥር በፊት የሸጠ ድኗል።"

ሸጠ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዕቃ አራገፈ፤ ቸኩሏልና ገዢዎቹ ሸተታቸው፣ በግማሽ ዋጋ ወሰዱት። ሣጥኑን እኔ አሸግኩ፣ ወገቤም መሰከረ። ኅዳር ሊያልቅ ሲል ግብር ሰብሳቢው አዲስ ነገር አወጣ፤ የዘንድሮው ልክ አምስት ሺህ ዶላር ነው አለ። ሎዌል በዚያን ጊዜ ዐሥራ አራት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ደርሶ ነበር። እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ፣ እንደ ልማዱ አልፎ አልፎ አንድ ቢሸጥ ኖሮ፣ ወረቀቱ ባልመጣበት ነበር። ወረቀቱን የጠራው ወረቀቱን ሲሸሽ ነው።

ጥር ላይ መጣ። ፖስታውን የከፈተችው ኮሬታ ናት።

በሳምንቱ የዶሮ ኑድል በድንች ላይ አድርጋ፣ ትኩስ እንደሆነ ይዛልኝ መጣች። ወረቀቱንም አብራ አምጥታለች፤ በላስቲክ ሸፍናዋለች።

"አንብቢው፣ ቨርና። እኔ ብናገር ሚስቱ ስለሆነች ነው ይላሉ። ይኸው መንግሥት ራሱ ጻፈው። ዐሥራ አራት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ!"

"ይህ የሸጠበት ነው እኮ።"

"የገዛበትማ በደብተሬ አለ። ሦስት ሺህ መቶ አርባ። ቀንሺው። ያውም በትርፍ ጊዜው፣ ደክሞት እየመጣ። ቀኑን ሙሉ ቢሠራው አስቢው።"

አሰብኩት። ሹካዬን አስቀመጥኩ።

"በዋናው መንገድ ላይ የድሮው ጫማ ጠጋኝ ቤት ባዶ ነው" አለች። "አከራዩን አነጋገርኩት። መተማመኛ ሲለኝ ይህን ወረቀት አሳየሁት፤ ሌላ አልጠየቀኝም። የመጀመሪያው ክፍያ ከጊታሩ ገንዘብ ይሆናል። ዓርብ እንፈርማለን። እኔም የዚያኑ ዕለት ለትምህርት ቤቱ ማመልከቻ አስገባለሁ።"

"ለሙሉ ጡረታ ሁለት ዓመት አይደለም እንዴ የቀረሽ?"

"ሁለት ዓመት ድስት ከማጥብ ሁለት ዓመት ባለ ሱቅ ብሆን አይሻልም? አንቺ ደግሞ ሁሌ ደመና ነሽ። ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።"

በላሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። ስምንት ዓመት ዝም ያለ ሰው ግን ዝምታው ዕዳ ይሆንበታል፤ ላወራርደው ቢል መጀመሪያ የሚጋለጠው የራሱ ስም ነው።

ሎዌልን ግን ጠራሁት። ጋራዡ ውስጥ፣ የቀረው አንድ ማጉያ ላይ ተቀመጠ።

"ግብሩን እከፍላለሁ" አለኝ። "በደብተሯ መሠረት ያተረፍኩት ዐሥራ አንድ ሺህ ነው። ከዚያ ላይ የሚደርሰውን እከፍላለሁ፣ ነገሩ ይዘጋል።"

"ዐሥራ ሰባት ሺህ ከስረህ፣ ባላገኘኸው ትርፍ ላይ ግብር?"

"ምን ላድርግ ታዲያ?"

"ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምቻለሁ። ለላሟ ግብር የከፈለ ግን የመጀመሪያው አንተ ነህ።"

"ቀልጂ።"

"ሱቁስ? ሴትዮዋ ጡረታዋን ልትጥል ነው እኮ፣ ሎዌል። አንተ ለምትለው ሰማንያ ዶላር ብላ።"

"ሱቁን አስቤበታለሁ።"

"ምን አሰብክ?"

የማጉያውን አቧራ በእጁ ጠረገ። "አላሰብኩበትም" አለ።

እስከዚያ ዓመት ድረስ ግብሩን የሚሞላው እሱ ነበር፤ ኮሬታ ጣቱ ባመለከተበት ቦታ ትፈርማለች። ዘንድሮ ግን "ይህን ቀን እኔም ልየው" አለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከዓርቡ ፊርማ አንድ ቀን ቀድመን፣ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ጡረተኞች ለሰው በነጻ የግብር ቅጽ ወደሚሞሉበት ሄድን። እኔንም ይዛኝ ሄደች፤ ሲያልቅ ኬክ ልትጋብዘን። ጠዋት ስወጣ የዳቦውን ከረጢት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ላወጣው አላሰብኩም። ቤት ትቼው መውጣት ብቻ አቃተኝ።

የደረሰን ጠረጴዛ የአቶ ዴልበርት ክሪፕስ ነው። አልጀብራ ያስተምር ነበር፤ ዘንድሮ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው።

"ቨርና ሽሮክ" አለኝ ከመነጽሩ በላይ እያየ። "መጽሐፌን ሳትመልሺ ነው የሄድሽው።"

"አሁንም አለ። የአልጋዬ እግር ሥር ነው።"

"ከተማሪዎቼ የተጠቀመበት አንቺ ብቻ ነሽ" አለና ወረቀቱን ተቀበለ።

ኮሬታ ደብተሯን አስቀመጠችለት። አንድ በአንድ አነበበች። ጊታር፣ ሰማንያ፤ የተሸጠው ስድስት መቶ አሥር። ማጉያ፣ አርባ አምስት፤ የተሸጠው ሦስት መቶ። ክሪፕስ በእርሳስ እየጻፈ ቆየና አንዱ ላይ ቆመ።

"ይህን ጊታር የት አገኙት?" አለው ሎዌልን። "የስልሳ ስምንቱን ሥሪት?"

"አንድ ሰው ጋራዡን ሲያጸዳ።"

"በሰማንያ ዶላር።"

"በሰማንያ።"

"ሰውየው ሌላ የሚያጸዳው ነገር ካለ አድራሻውን ይስጡኝ። እኔ የዚህን ታናሽ የገዛሁት በሁለት ሺህ ነው። ሚስቴ በሕይወት ሳለች ሁለት መቶ ነበር።"

"ዕድለኛ ነው" አለች ኮሬታ።

"ሠላሳ አንድ ጊዜ፣ እመቤቴ?"

ክሪፕስ እርሳሱን አስቀመጠ። ደረሰኝ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ተቃጥሏል አለ ሎዌል። ክሪፕስ ቀስ ብሎ ነገረን፤ ሰው የራሱን ዕቃ ከገዛበት አሳንሶ ቢሸጥ ግብር የለበትም፣ ወረቀቱም ቢመጣ የገዛበትን አሳይቶ ይጨርሳል። ያተረፈ ግን በትርፉ ላይ ይከፍላል። እንዲህ ዓመቱን ሙሉ በርካሽ እየገዛ በውድ የሚሸጥ ደግሞ ነጋዴ ነው፣ የነጋዴውን ግብር ይጨምራል። ደመረ። ለአገሩም ለክልሉም አንድ ላይ ሦስት ሺህ መቶ ሠላሳ ዶላር ሆነ።

ሎዌል እጁን ወደ እስክሪብቶው ላከ። እንዲያ ፈጥኖ ሲንቀሳቀስ ያየሁት በዘፈን መሀል እንኳ አይደለም።

"ያገኘ ይከፍላል" አለች ኮሬታ ለክሪፕስ። "እኛ አንሸሽም። ነገም ሱቅ እንፈርማለን፤ እኔ ከሥራዬ ልለቅ ነው።"

ክሪፕስ እስክሪብቶውን አልሰጠውም። "ከመፈረምዎ በፊት ከላይ ያለውን ያንብቡ" አለው። "ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ በሐሰት ብፈርም በሕግ እጠየቃለሁ ይላል። ሁለታችሁም ናችሁ የምትፈርሙት። እሳቸውም ይጠየቃሉ።"

ሎዌል አነበበ። ከዚያ እኔን አየኝ። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ የጎረቤት መስኮት ሲሰብር እንዲሁ ነበር የሚያየኝ፤ ያኔም ሄጄ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ከረጢቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

ኮሬታ የመጀመሪያውን ወረቀት አነሳች። ስሙን አየች፣ ቀኑን አየች፣ ዋጋውን አየች። ደብተሯን ወደ ራሷ ሳበችና መስመሩን በጣቷ ፈለገች። ሁለተኛውን አነሳች። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ደብተሩን ማየት ትታ ነበር። አልጮኸችም፤ አራት መቶ ልጅ የሚያበላ ሰው የሚጮኸው ለልጅ ብቻ ነው። ከዚያ አንዱን ገለበጠችው።

"እንቁላል። የድመት ምግብ። የልብስ ሳሙና" ብላ አነበበች። "ይህ ያንቺ ጽሕፈት ነው።"

"ነው።"

"ስንት ዓመት?"

"ስምንት።"

"ስምንት ዓመት ኑድሌን በላሽ።"

ባዶውን ከረጢት አጣጠፍኩ።

ክሪፕስ ላጲሱን አንስቶ ከላይ ጀምሮ ደመሰሰ። ትምህርት ቤት ሳለሁም ሰው ሲያለቅስ እንዲሁ ሰሌዳ ያጠፋ ነበር። የሠላሳውን ዕቃ እውነተኛ ዋጋ አንድ በአንድ ከወረቀቶቹ አወጣ። ሠላሳውም ኪሳራ ነው፤ ግብር የለም። አንድ ማጉያ ብቻ ቀረ፤ ሎዌል በሚያዝያ ከእውነተኛ ጋራዥ፣ ከእውነተኛ ሰው በስልሳ ዶላር ገዝቶት በጥቅምት በአራት መቶ አሥር ሸጦታል። በዚያ ላይ ወደ ስልሳ ዶላር ግብር መጣ።

"ግን ዐሥራ ሰባት ሺህ ከስሬያለሁ" አለ ሎዌል። "ያን ከዚህ አይቀንሱልኝም?"

"አይቀነስም። ለራስዎ በያዙት ዕቃ ትርፍ ካገኙ መንግሥት ይካፈላል፣ ከከሰሩ ግን ኪሳራው የብቻዎ ነው።"

"ይኼ ፍትሕ ነው?"

"አንተ ዛሬ ስለ ፍትሕ አትናገር" አለችው ኮሬታ።

ሁለቱም ፈረሙ። እሷ እያንዳንዱን መስመር አንብባ ነው የፈረመችው፤ ደሞዙ ላይ ስትደርስ ትርፍ ሰዓቱን አገኘችው፣ በጣቷ መታ መታ አድርጋ አለፈችው። ከዚያ ቀለበቷን በአውራ ጣቷ እያዞረች ጠየቀችው።

"ይህንንስ? ዘጠኝ መቶ ብለኸኝ ነበር።"

ሎዌል ጣሪያውን አየ። የቀለበቱን ዋጋ እኔ ዐውቃለሁ፤ እዚያ ላይ ዜሮው የተጨመረ ነበር። "ከዚያ ወዲህ ወርቅ ጨምሯል" አለ።

ክሪፕስ ቀጣዩን ሰው ጠራ። ኬክ አልበላንም።

ዓርብ ጠዋት ኮሬታ ለአከራዩ ደወለች። ሰውየው ግራ ገባው፤ ወረቀቱን በዓይኔ አይቻለሁ እኮ አላት። "ወረቀቱ የሚለው የገባውን ነው" አለችው፣ "የወጣውን የሚያውቅ የዳቦ ከረጢት ነው።" ዘጋችው። ወደ ወጥ ቤቷ ሄደች። አሁን ሁለት ዓመቱ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆኗል፤ ቀኑን በሱፍ አበባው ደብተር ጀርባ ላይ ትቆጥራለች። የሎዌል ትርፍ ሰዓት በሁለቱ ሂሳብ ይገባል። ጊታር ከገዛ ሣጥኑ የሚላከው ወደ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት፣ በእሷ ስም ነው፤ ደረሰኙን የማቀዝቀዣው በር ላይ ትለጥፈዋለች። ከዚያ ወዲህ የገዛው አንድ ብቻ ነው። እሱም ሃርሞኒካ ነው።

እኔን አላነጋገረችኝም። ከረጢቱንም ወሰደችው፤ መብቷ ነው። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ በሬ ላይ የዶሮ ኑድል በክዳን ተሸፍኖ አገኘሁ። ክዳኑ ላይ በእሷ ጽሕፈት ወረቀት ተለጥፏል፤ ዶሮ ይህን ያህል፣ ድንች ይህን ያህል፣ ቅቤ ይህን ያህል፤ ድምር ዐሥራ ሁለት ዶላር ከአርባ ሳንቲም። እውነተኛ ዋጋ ነው፤ የሱቁን ዋጋ ዐውቀዋለሁ። የስምንቱን ዓመት አልጨመረችውም።

ገንዘቡን በፖስታ አድርጌ ላኩላት። ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ ጀርባው ነጭ ነው። ሽንኩርት፣ የድመት ምግብ ብዬ ጻፍኩበትና አዲስ የዳቦ ከረጢት አወጣሁ።